ለጅማ ኮሌጅ ላይብረሪ የቱ ይቅደም? ንግድ መጀመር ለሚፈልግ ተማሪ መደርደሪያ፣ ኢንተርኔት፣ ክፍል ወይስ ሰው

ልጅቷ ማሩን ያመጣችው በሃይላንድ ነበር። ክዳኑ ላይ ፌስታል ጠቅልላበታለች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ ጌራ ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና «ጋሼ፣ ይሄን አሽጎ ስለመሸጥ የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» አለችኝ።

ተነስቼ ወደ ማርኬቲንግ መደርደሪያ ወሰድኳት። ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣሁላት። ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከዚያ አመስግናኝ መለሰችው፣ ሃይላንዷን አንስታ ወጣች።

ያን ቀን ማታ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ያ ሁሉ መጽሐፍ ባለበት ቤት ለዚህች ልጅ አንድ የሚረባ ነገር አልሰጠኋትም። እሷ የፈለገችው ምዕራፍ አልነበረም። የመስታወት ጠርሙስ ጅማ ውስጥ ስንት እንደሚገባ ማወቅ ፈልጋለች። ስሙን የት እንደምታስመዘግብ፣ ማሩ ሲጣራ ስንት እንደሚቀንስ ማወቅ ፈልጋለች። እኔ ደግሞ ይህን ጥያቄ ከእሷ አውጥቶ መስማት አልቻልኩበትም።

ይህን የምጽፈው ጅማ ውስጥ የኮሌጅ ላይብረሪ ለምትመሩና ለምትሠሩ፣ ደግሞም «ላይብረሪያችን ለእኛ ሐሳብ ምን ይፈይዳል?» ለምትሉ ተማሪዎች ነው። በጀት ትንሽ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የእኔን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር፦ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ፣ ሰው አስቀምጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለምን እንደሆነ እንመጣበታለን።

ጅማ ላይ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴ ከሩቅ የሚጎርፍበት ነበር። ዛሬም የገበያው ቀን ሐሙስ ሲመጣ ከተማው ሌላ ነው። ካምፓስ ውስጥ ያለው ተማሪ ብዙው የቡና ገበሬ ልጅ ወይም የነጋዴ ልጅ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የተዋሐዱት የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነበሩ፤ ሁለቱም መሬት የነካ ሥራ የሚያስተምሩ። አሁን ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ፍሬሽ ተማሪ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል ኮርስ ይወስዳል፣ ቢዝነስ ፕላን ይጽፋል። በዚያ ሰሞን ላይብረሪው ይሞላል። ማርክ ሲለጠፍ ፕላኑ አልጋ ሥር ይገባል። ለእኔ ትልቁ ብክነት ይሄ ነው።

መደርደሪያው

ብዙ ኮሌጅ መጀመሪያ የሚያስበው «የቢዝነስ ኮርነር» ነው። አንድ ጥግ ይመረጣል፣ አዲስ መጽሐፍ ይገዛል፣ ወረቀት ይለጠፋል። ጥሩ ጎን አለው። መብራት ሲጠፋ ይሠራል። ኔትወርክ አይፈልግም። ዓይን ይገባል፤ ኃላፊ ሲጎበኝ የሚታይ ነገር ነው።

ጉዳቱ ቶሎ ማርጀቱ ነው። የንግድ መጽሐፍ ደግሞ ሲያረጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ያሳስታል። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ኮሌጅ ሪፈረንስ ክፍል ውስጥ የነበረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ብቻ ነበር። አንድ ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ እሱን አንብቦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም የግድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል ብሎ ደመደመ። አጎቱን ለምኖ ለስም ብቻ ሸሪክ ሊያደርጋቸው ተስማምተው ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ ሰው ማኅበር ይፈቅዳል። ልጁ ይህን ያወቀው ወረቀት ሊፈራረሙ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አጎቱ ቢከስሩ ወይም ቢጣሉ ኖሮ ጣጣው የእኛ መደርደሪያ ያመጣው ይሆን ነበር። (እውነቱን ለመናገር ያ ልጅ ማኅበርም አያስፈልገውም ነበር። በግል ነጋዴነት ጀምሮ ሲያድግ መቀየር ይችላል። ይህንንም የነገረው ሰው አልነበረም።)

ስለዚህ መደርደሪያ ከመረጣችሁ ሃምሳ ቴክስትቡክ አትግዙ። አንድ ወፍራም ፋይል ይበቃል። ውስጡ የንግድ ሕጉ ይግባ፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008 ከማሻሻያው 1150/2011 ጋር ይግባ፤ የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 እና የፈጠራ አዋጅ 123/1987 ይግቡ። የገቢ ግብር ሕጉም ይግባ፤ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የድሮ ሃንድአውት ይዞ ግብር ማስላት ጉድ ያደርጋል። ሁሉም ከኢንተርኔት ወርዶ ሊታተም ይችላል። «ኮፒ ማድረግ አይከለከልም ወይ?» ለሚል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የሕግ ሰነዶችን ከጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። በነፃነት አባዙት። ፋይሉ ጀርባ ላይ ግን «እስከዚህ ቀን ተጣርቷል» የሚል ቀን ይጻፍ። በየመንፈቁ ማን እንደሚያጣራውም ስሙ ይኑር።

ወጪው የወረቀትና የቀለም ነው። ከሁሉም ርካሹ ምርጫ ይሄ ነው፣ በደንብ ከተያዘም ጠቃሚ ነው።

ኢንተርኔቱና ዳታቤዙ

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ የሚከፈልበትና የማይከፈልበት። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ የሚከፈልበት የገበያ ጥናት ዳታቤዝ ለእኛ አይሆንም። ዋጋው ውድ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ስለ አጋሮ ወይም ስለ ሰቃ ምንም የለም።

የማይከፈልበት ግን አለ፣ ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ሪሰርችፎርላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ለታዳጊ አገር ተቋማት ጆርናልና መጽሐፍ ይከፍታል፤ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚያገኙት አገሮች ውስጥ ናት። ለግብርና አጎራ አለ፣ ለጤና ሂናሪ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎአሊ። ተማሪው በግሉ አይመዘገብም፤ ኮሌጁ ነው የሚመዘገበው። ተመዝግበናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ቤት አይቻለሁ።

ፓተንትስኮፕና ኢስፔስኔት የሚባሉት ድረ ገጾች ደግሞ ለማንም ክፍት ናቸው። የፓተንት፣ ማለትም የተመዘገበ የፈጠራ መብት፣ ሰነድ ይገኝባቸዋል። ለተማሪ ምን ያደርግለታል? አንድ የሜካኒካል ተማሪ የቡና ገለባ ጨምቆ ከሰል የሚያደርግ ማሽን «ፈጠርኩ» ብሎ መጣ። ንድፉ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ተስሏል፣ ያምራል። አብረን ተቀመጥንና ፈለግን። በአንድ ከሰዓት ተመሳሳይ ነገር ደጋግመን አገኘን። ፊቱ ጠቆረ። እኔም አዘንኩለት። ከዚያ ግን አንዱን ሥዕል አተኩሮ ማየት ጀመረ። የማድረቂያውን ክፍል ነበር የሚያየው። እሱ ስለ ማድረቅ አላሰበም ነበር። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ እርጥብ ገለባ ተጨምቆ ከሰል አይሆንም፣ ጭስ ነው የሚሆነው። ያን ቀን የማሽኑ ሐሳብ ወደ ማድረቂያ ሐሳብ ተቀየረ።

እዚህ ላይ ለተማሪ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ፓተንት የአገር ነው። ውጭ አገር ተመዝግቦ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ ነገር እዚህ ሠርቶ መጠቀም ይቻላል። በእኛ ሕግ ደግሞ ፓተንት የሚቆየው 15 ዓመት ነው፤ አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ስለዚህ ፍለጋው «ተቀደምኩ» ብሎ ለማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ሰው የደከመበትን በነፃ ለመማርም ነው።

ለቡና ቤተሰብ ልጆች ሌላ ቀላል ነገር አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተቋቋመበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የግብይት ዋጋ ይፋ ያደርጋል። ላይብረሪው ዋጋውን አትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ ተማሪው ያየዋል፣ ለአባቱም ይደውላል። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ይህ የመጋዘን ዋጋ ነው፣ ቀበሌ ላይ እሸት ቡና ወይም ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። ልዩነቱን ያልተረዳ ልጅ አባቱን ከነጋዴ ጋር ያጣላል።

የዳታቤዝ ድክመቱ የት ነው? ስለ ሰፈራችን አያውቅም። አጂፕ አካባቢ ስንት ሰው የተቆላ ቡና እንደሚገዛ የሚነግር ዳታቤዝ የለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ራሱ የ1999 ዓ.ም. ነው። የጅማን ገበያ ማወቅ የሚፈልግ በእግሩ መሄድ አለበት። ሁለተኛው ድክመት ግልጽ ነው፤ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል። መፍትሔው ኔትወርክ በሚፈጥንበት ሰዓት ጠቃሚውን አውርዶ አንድ ኮምፒውተር ላይ በአርዕስት ማስቀመጥ ነው። ማር፣ ቡና ማቀነባበር፣ እንጉዳይ፣ ዶሮ፣ ኮረሪማ። ተማሪው በፍላሽ ይወስዳል። በማውረድ ላይ ገደብ ያለባቸው ምንጮች ስላሉ መጀመሪያ ደንባቸውን ማንበብ ነው።

የግብርና ወይም የቴክኖሎጂ ካምፓስ ከሆናችሁ ይህን ከመደርደሪያው አስቀድሙት። የቢዝነስ ትምህርት ብቻ ያለበት ትንሽ ኮሌጅ ከሆነ ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ክፍሉ

ክፍል ሲባል ሁሉም ይወዳል። ተማሪ ተሰብስቦ የሚያወራበት፣ ነጭ ሰሌዳና ሶኬት ያለው ቦታ በእውነት ያስፈልጋል፤ ላይብረሪ ውስጥ «ሽሽሽ!» እየተባለ ሐሳብ አይወለድም። ግን ክፍል ብቻውን ምንም አያደርግም። ፈተና ሲደርስ የንባብ ክፍል ይሆናል፣ ከዚያ የሰው ቢሮ ይሆናል። ትርፍ ቦታ ያለው ይሞክረው፤ የሌለው አይዘን።

ስሪዲ ፕሪንተር (ከፕላስቲክ ቅርጽ ያለው ዕቃ የሚያትም ማሽን) የመግዛት ሐሳብም አልፎ አልፎ ይሰማል። የኔቫዳ ሪኖ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ለተማሪው ሁሉ ክፍት ሲያደርገው ብዙ ተወርቶለታል። እዚያ ሠራ ማለት እዚህ ይሠራል ማለት አይደለም። መለዋወጫው፣ ፕላስቲኩ፣ የሚጠግነው ሰው ከየት ይመጣል? ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወርክሾፕ እያለ ላይብረሪ ማሽን አይግዛ። ተማሪውን ይዞ የሚሄድ ደብዳቤ መጻፍ ይበቃዋል።

ዕቃ ማዋስ

ይህን ምርጫ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ላይብረሪ ማዋስ ያውቃል። መታወቂያ ይይዛል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ቀን ያስቀምጣል። መጽሐፍ በሚዋስበት ሥርዓት ዲጂታል ሚዛን ቢዋስስ? የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን፣ የስልክ ማቆሚያ፣ ለፎቶ የሚሆን ነጭ ጨርቅስ?

አንድ ልጅ የተቆላ ቡና በፓኬት ሊሸጥ 10 ኪሎ ጥሬ ቡና ገዛ። 10 ኪሎ ትዕዛዝም ተቀበለ። ሚዛኑን አዋስነው። ቆልቶ ሲመዝነው 8 ኪሎ ተኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ደነገጠ፣ ሰው የሰረቀው መሰለው። ቡና ሲቆላ እርጥበቱን ይለቃል፣ እንደ አቆላሉ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆን ክብደት ያጣል። ዋጋ ያወጣው በ10 ኪሎ ስለሆነ የመጀመሪያው ትዕዛዝ አላተረፈም። ሁለተኛውን ግን ከመቀበሉ በፊት አስልቶ ነው የተቀበለው። ይህን አንድ መጽሐፍ በአንድ አንቀጽ ሊነግረው ይችል ነበር። ሚዛኑ ግን በዓይኑ አሳየው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት መጻሕፍት የሚገዙበትን ያህል ነው። የሚበላሽ ነገር ስለሆነ ግን የዕቃ ግምጃ ቤትን ቀድሞ ማስማማት ያስፈልጋል። አንድ ሚዛን ተሰበረ ተብሎ ሠራተኛ ደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ማንም ቁልፉን አይከፍትም።

ሰውዬው፣ ወይም ሴትዮዋ

ወደ ማሯ ልጅ እንመለስ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደጅ ላይ አገኘኋትና «ነይ፣ አንድ ጊዜ እንቀመጥ» አልኳት። መጽሐፍ አላመጣሁም። ባዶ ወረቀት ብቻ። «ማን እንዲገዛሽ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጀመርኩ። «ሁሉም ሰው» አለች። ሁሉም ተማሪ የሚለው ይሄንኑ ነው። «እሺ፣ ባለፈው ወር ማር የገዛ የምታውቂው ሰው ማነው?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ አሰበችና «የዶርም ጓደኛዬ፣ ለጉንፋን» አለች። «ስንት ገዛች?» «ትንሽ፣ በብርጭቆ።» እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ወረቀቱ ላይ መስመር አሰመርን። የሻጭ ዓይነት፣ ነጭ ወይስ ቀይ ማር፣ የተጣራ ወይስ ከነሰፈፉ፣ የኪሎ ዋጋ፣ በምን እንደታሸገ፣ ማን ሲገዛ እንደታየ። «ሐሙስ ሂርማታ ሂጂና ሙዪው» አልኳት። አርብ ይዛው መጣች። ጠርዙ ማር ነክቶታል፣ አንዱ ረድፍ በዝናብ ደብዝዟል። ግን ሞልታዋለች። ከነሰፈፉ የሚገዙት አብዛኞቹ ጠጅ ጣዮች እንደሆኑ አይታለች። የተጣራ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ግን ሁለት ቦታ ብቻ አግኝታለች።

ከዚያ ሒሳብ ሠራን። እንበል ከነሰፈፉ ኪሎው 400 ብር ቢሆን፣ 5 ኪሎ 2,000 ብር ነው። ተጣርቶ 4 ኪሎ ቢወጣው፣ የተጣራው ኪሎ 500 ብር ገባ ማለት ነው። ጠርሙስ ገና አልተቆጠረም፣ የሚለጠፍበት ወረቀት ገና አልታተመም፣ ታክሲ ገና አልተከፈለም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ለትንሽ ጊዜ ቁጥሩን ብቻ አየችው። «ታዲያ ሰፈፉንስ ማን ይገዛኛል?» አለች። ይህን እኔ አላልኩም። እሷ ናት ያመጣችው።

ስሙም ጉዳይ ሆነ። «የጅማ ማር» ልትለው ነበር። የቦታውንና የዕቃውን ስም ብቻ የያዘ ነገር የንግድ ምልክት ሆኖ አይመዘገብም፤ ሁሉም የጅማ ማር ሻጭ ሊጠቀምበት የሚገባ ቃል ነው። ደግሞ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ይለያያሉ። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። የንግድ ምልክት ግን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ የሚጸናውም ለ7 ዓመት ሆኖ ይታደሳል። አንዱን አስመዝግቦ ሌላውንም ያገኘ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው።

እንግዲህ ሰው አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው። መደርደሪያውም ዳታቤዙም ሚዛኑም ጥያቄውን ላወቀ ሰው ነው የሚያገለግለው። የአብዛኛው ተማሪ ችግር ጥያቄው ገና አለመፈጠሩ ነው። «ቢዝነስ መጀመር እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይደለም፤ ምኞት ነው። «ሩብ ኪሎ የሚይዝ ጠርሙስ ጅማ ውስጥ በጅምላ ማን ጋ አገኛለሁ?» ግን ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ከምኞት ወደ ጥያቄ የሚያሻግረው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ትልቁ የብሪታንያ ላይብረሪ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2006 ለንግድ ጀማሪዎች ማዕከል ሲከፍት ዳታውንና ሰዉን አንድ ላይ ነው ያቀረበው፤ ኋላም አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ላይብረሪዎች ተዳርሷል።

ይህ ሰው ማን ይሁን? የቢዝነስ ዲግሪ የግድ አይደለም። ትዕግሥት ያለው ላይብረሪያን ይሻላል። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የስድስት ቀን ሥልጠና አለ፤ ሠራተኛችሁን እሱ ላይ ብትልኩ ገንዘባችሁ መሬት አይወድቅም። ከሁሉ በላይ ግን አፋን ኦሮሞና አማርኛ በደንብ የሚናገር ይሁን። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ ሂርማታ የወረደ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። የማር ነጋዴዋን ጥያቄ በቋንቋዋ ስትጠይቃት ዋጋ ብቻ አትነግርህም፣ ማን እንዳታለላትም ትነግርሃለች።

ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ይሁን። ተማሪ ሐሳቤ ይሰረቃል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም እውነት አለው። የአንዷን የገበያ ወረቀት ለሌላው ማሳየት አይቻልም። መዝገብ ላይ የሚጻፈው የጥያቄው ዓይነት ብቻ ነው፤ ስም አይጻፍም። «የጠርሙስ ጅምላ ሻጭ ጠየቀች። አገኘን» ይበቃል።

ድክመቱን አልደብቅም። ሰው ይዛወራል፣ ሰው ይለቃል። ሲሄድ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያ መዝገብ ወሳኝ ነው። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ መዝገቡን ስትገልጡት የትኛውን ዕቃ መግዛት፣ የትኛውን አዋጅ ማተም እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሰው ይቅደም የምለው በዚህም ምክንያት ነው። ሌሎቹ ምርጫዎች በግምት ይገዛሉ። ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ካለ ግን በእውቀት ይገዛሉ።

እንግዳ መጋበዝ

በሻይና በዳቦ ወጪ የሚሆን ነገር ነው። ባለሀብት ጋብዞ አዳራሽ መሙላት ቀላል ነው፤ ተማሪው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያበቃል። እኔ የምመርጠው ትንሹን ነጋዴ ነው። በር ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ እናት የአንድ ቀን ሒሳቧን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ታስቀምጥ፤ ከሰል፣ ስኳር፣ ቡና፣ የቤት ኪራይ፣ በዱቤ የቀረ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሠራው ባለሙያ እንጨቱን ከየት እንደሚያመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚያደርቀው ይናገር። ሱቅ ከፍቶ የዘጋ ሰውም ይምጣ። ለምን እንደዘጋ መስማት ከአሥር የስኬት ታሪክ ይበልጣል። አንድ ሰዓት፣ ሃያ ሰው፣ ብዙ ጥያቄ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ታዲያ እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ?

አንድ ክፍል ብቻ ያለው የግል ኮሌጅ ከሆናችሁ፦ በሳምንት ሁለት ከሰዓት የሚሠራ ጠረጴዛና የአዋጅ ፋይሉ። ሌላ ምንም። የግብርናና የቴክኖሎጂ ተማሪ ያለበት ካምፓስ ከሆናችሁ ጠረጴዛው ላይ ዳታቤዝና ሚዛን ጨምሩ። ፍሬሽ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ደግሞ ኮርሱ የሚሰጥበትን ሰሞን ተጠቀሙ፤ መምህሩን አነጋግራችሁ ቢዝነስ ፕላኑ ከሂርማታ በተሞላ ወረቀት እንዲጀመር አድርጉ። የተማሪው ፈቃድ ከተገኘ የጨረሱትን ፕላን ለሚመጣው ዓመት ሰብስቡ፣ ያልተሳካውንም ጭምር።

ላይብረሪ የማይገባበት ነገርም አለ። ብድር አይሰጥም፣ ፈቃድ አያወጣም፣ «ያዋጣል» ብሎ ማረጋገጫ አይሰጥም። ዕቁብ ገብቶ በዕጣው ሊነግድ ለሚያስብ ተማሪ፣ ዕጣው የመጨረሻ ቢደርሰው ምን እንደሚያደርግ አብሮ ማስላት ይችላል። ውሳኔው የልጁ ነው።

ጠረጴዛውን ስታስቀምጡ ውስጥ አትደብቁት። ቦርሳ በሚቀመጥበት በር አጠገብ ይሁን፤ ለማንበብ የማይገባው ተማሪም ያልፍበታል። ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን አድርጓቸው፣ ወረቀቱ ለሁለታችሁም በቀና እንዲታይ። ሐሙስ አትክፈቱት፤ ሐሙስ ተማሪው ገበያ ነው መሆን ያለበት። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፈቱት። ትናንት የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ።